ገደኛዋ እጅ

ሽማግሌው አናጢ መላጊያቸውን አስቀምጠው ሰዓታቸውን ሲያዩ ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል። እሷን ሲጠብቁ ግን በሩን በትከሻዋ ገፍታ የገባችው፣ እግራቸው የወለቀ ሁለት ወንበሮች የታቀፈች ወጣት ሴት ሆነች።

«ጋሼ፣ ከወጣቶች ማዕከሉ ነው የመጣሁት። ልጆቹ እየተወዛወዙባቸው ሰበሯቸው፤ ውጭ ደግሞ አራት አሉ» አለች።

«ወንበር የሚሰብር ልጅ ጤነኛ ነው» አሉ፣ ሰጋቱራውን ከጠረጴዛው ላይ በእጃቸው እየጠረጉላት። «ለመሆኑ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አማካሪ ነኝ። ልጆች ከመጠጥ፣ ከአደንዛዥ ዕፅና ከቁማር እንዲርቁ አስተምራለሁ።»

«ደግ ሥራ ነው፤ በርቺ! የዛሬ ልጅ እንደሆነ መያዣ መጨበጫ የለውም።»

ይህን እያሉ ከደረት ኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡና እንጨት ማጥበቂያው ሞርሳ አጠገብ ዘረጉት። የሳምንቱ መጨረሻ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች የውርርድ ዝርዝር ነው። ሰው ሌላውን ሲመክር የራሱን ኪስ ይረሳል። አማካሪዋ ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም፤ ይህም ሽማግሌውን ቆረቆራቸው።

«ይሄ እንኳ ጨዋታ ነው» አሉ። «እኔ መጠጥ አልቀምስ፣ ሲጋራ አላውቅ። በሳምንት አንዴ በሻይ ዋጋ አንዲት ትኬት እቆርጣለሁ፤ በቃ። ደግሞ የምትመርጥልኝ የልጅ ልጄ ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እጇ ገደኛ ነው! አንድ ቀን እንዲያው ለቀልድ 'እስቲ ጣትሽን አሳርፊ' ብላት የመረጠቻቸው ስድስቱም ውጤቶች ልክ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ያለ እሷ አልቆርጥም። ጎረቤቱ ሁሉ 'የሚጣን እጅ አውሰን' እያለ ይቀልድብኛል።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«ትኮራለች እንጂ! እየሮጠች ነው የምትመጣው።»

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልበል» አለች አማካሪዋ። «ማዕከላችን የሚመጡትን ልጆች 'ቁማርን መጀመሪያ ማን አሳየህ?' ብዬ እጠይቃለሁ። ሥራውን ስጀምር፣ 'የመንደር ዱርዬ ነው ያሳየን' ብለው ይመልሱልኛል ብዬ ነበር። አብዛኞቹ ግን የሚያወሩልኝ ስለ አባታቸው፣ ስለ አጎታቸው፣ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ያውም ደስ እያላቸው። ሲጋራውም እንደዚሁ ነው። አንዷን 'እስቲ ለኩሺልኝ' እያለ ያስለመዳት አጎቷ ነው። የመጀመሪያዋን ትኬት የሚያስይዛቸው ጠላት አይደለም፤ የሚወዳቸው ሰው ነው።»

አናጢው በግድ ሳቁ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አሉ! ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ። ቁማርተኛ ማለት ቤቱን ሽጦ ሜዳ ላይ የወደቀ ነው። የእኔ ቤት ይኸው፣ ሥራዬ ይኸው።»

«እውነትዎን ነው፤ እርስዎ ቁማርተኛ አይደሉም። እኔ የምሰጋው ለእሷ ነው። ትልቅ ሰው ተሸንፎ ይረሳዋል። ልጅ ግን 'ገደኛ ነሽ' ከተባለች ታምናለች። ሲያሸንፉ በእሷ ገድ ከሆነ፣ ሲሸነፉስ በማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ሽማግሌው አስበውት አያውቁም። የኮላውን ብሩሽ አንስተው ምንም የሚለጠፍ ነገር ሳይኖር ሲያገላብጡት ቆዩ።

«እንግዲያው ስትመጣ ጠይቂያት» አሉ በመጨረሻ፣ በእልህ።

«እኔ ብጠይቃት የምትመልስልኝ ለእንግዳ የሚመለሰውን ነው። እርስዎ ይጠይቋት። ብቻ እስክትጨርስ አያቋርጧት።»

ወዲያው ሚጣ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ወረቀቱ ሄዳ፣ ቀኝ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ጣቷን ዘረጋች። አማካሪዋም «የቀሩትን ወንበሮች ላምጣ» ብላ ወጣች።

«ቆዪ፣ ሚጣ። የመረጥሽልኝ ሳይሆን ሲቀር ምን ይሰማሻል?»

ልጅቷ ጣቷን ሰበሰበች። አያቷ «ምንም» ትለኛለች ብለው ነበር፤ እሷ ግን ቦርሳዋን አውርዳ ደረቷ ላይ ታቀፈች። ቀድመዋት ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱና የተባሉት ትዝ ብሏቸው መልሰው ዘጉት።

«አትቆጣኝም፣ አባባ?»

«አልቆጣሽም።»

ደብተሯን አወጣች። ፊደሉ ሁሉ ተጣሞ ከመስመሩ ወጥቷል። «በግራ እጄ ነው የምጽፈው። በቀኜ ብዙ ከጻፍኩበት ገዱ ያልቃል ብዬ። መምህሬ 'ሰነፍሽ' ብላ ከፊት ወንበር አነሳችኝ። ባለፈው እሁድ የተሸነፍከው ግን በእኔ ነው። ረስቼ በቀኜ ሥዕል ስዬበት ነበር። ምሳህን እንኳ ሳትበላ ቀረህ።»

ሽማግሌው ያን ቀን ምሳቸውን የተዉት ጥርሳቸውን አሟቸው ነበር። ሕፃኗ ግን ሳምንቱን ሙሉ ጥፋቱን ተሸክማ ሰንብታለች። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወረቀቱን አንስተው ቀደዱት።

«ስሚኝ፣ ሚጣዬ። እጅሽ ኳስ አያስገባም፣ ኳስም አያስትም። ስድስቱ ልክ የሆኑት በአጋጣሚ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ትኬት አልቆርጥም፣ አንቺም አትመርጪም።»

ትፈነድቃለች ብለው ነበር። እሷ ግን የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች መሬት መሬት አየች።

«ካልመረጥኩልህ… እዚህ መምጣቴ ይቀራል?»

ከዚያ ስድስቱ ልክ ከሆኑበት ቀን በፊት፣ በመጣች ቁጥር «ሰጋቱራው ያስልሻል፤ ወደ ቤት ግቢ!» እያሉ የሚመልሷት እሳቸው ነበሩ። በር በሩን እያዩ ይጠብቋት የጀመሩት ለትኬቱ ሲሉ መሆኑን ልጅቷ ከእሳቸው በፊት አውቃዋለች። አናጢው አፈሩ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንደዚያ አፍረው አያውቁም።

«ነይ» አሉ ቦርሳዋን እየተቀበሏት። «ለምንም ሳይሆን ነይ።»

ሁለት ወር ሳይሞላ የሚጣ ጽሕፈት ወደ መስመሩ፣ እሷም ወደ ፊት ወንበሯ ተመለሱ። እሁድም ውጤት እየጠበቁ የሚጨነቁበት ቀን መሆኑ ቀረ። አናጢው በሳምንት ሁለት ቀን ለማዕከሉ ጎረምሶች የወንበር ጥገና ያስተምራሉ፤ ልጆቹም እጃቸው ሥራ ሲይዝ ወሬያቸው ሳይቀር ከውርርድ ወደ እንጨት ዞረ። ልጅን ከሱስ የሚጠብቀው ቁጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በዚህ ሁሉ ቁጣችን አንድም ልጅ ባልጠፋብን ነበር።

አማካሪዋ የወላጆች ስብሰባ ስትጠራም አናጢው ከፊት ተቀመጡ። አንድ አባት ተነስቶ «እኔ ትኬት ብቆርጥም፣ ልጄ ከጎኔ ተቀምጦ ኳሱን ያያል እንጂ ቁማሩን አያውቀውም» አለ።

«ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ነበር የምለው» አሉ አናጢው ወደ እሱ ዞረው። «ልጅህ ግን የሚያየው ኳሱን እንዳይመስልህ። የሚያየው ያንተን ፊት ነው።»