የልጄ የክርስትና ስም

(ደብረ ታቦር፣ ከወንዙ ማዶ ባለው በደብሪቱ አዲስ የሹሩባ ቤት። ሹሩባ ሠሪዋ ብዙአየሁ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋንና የልጇን የክርስትና እናት ደብሪቱን ፍለጋ መጥታለች።)

ብዙአየሁ፦ ስልክሽን አውጪ አበልጅ። አሁን ኮድ ይገባልሻል፣ ስድስት ቁጥር ነው። እሱን ብቻ አንብቢልኝ።

ደብሪቱ፦ ኧረ መጀመሪያ ተቀመጪ። የምን ኮድ ነው?

ብዙአየሁ፦ የፌስቡክ ፔጄ ከተጠለፈ ዛሬ አምስት ቀኑ። ስልክ ጠጋኙ አየልኝና አካውንቱ የተከፈተው ባንቺ ቁጥር ነው አለ። ረሳሽው? አራስ ሆኜ፣ ስልኬ ተበላሽቶ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ አንቺ ነሽ የከፈትሽልኝ።

ደብሪቱ፦ ስልኬ ቻርጅ የለውም።

ብዙአየሁ፦ ስገባ ስታወሪበት አልነበር?

ደብሪቱ፦ ሳወራበት ነዋ ያለቀው። ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዝሽው። የት እንዳለ የማይታወቅ ዱርዬ ነው የወሰደው፣ ምን ያደርግልሻል? አዲስ ክፈቺ።

ብዙአየሁ፦ የስምንት ዓመት ሥራዬ እኮ ነው ያለው እሱ ላይ። ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀረው፣ ከዚያ ወዲያ ሠርግ የለም። ሙሽራ ሁሉ የሚያገኘኝ በፔጁ ነው። ልጄንም የማሳድገው በዚሁ ነው። ትናንት አንዷን ሙሽራ መንገድ ላይ አገኘኋት። «ቤት ቀይረናል፣ ወንዙን ተሻገሪ ብላችሁ ጻፋችሁልኝ» አለችኝ።

ደብሪቱ፦ ወንዝ ማዶ ስንት ሹሩባ ቤት አለ መሰለሽ።

ብዙአየሁ፦ አንድ። ስመጣ ቆጥሬዋለሁ።

ደብሪቱ፦ ነገር ፍለጋ ነው የመጣሽው?

ብዙአየሁ፦ ኮድ ፍለጋ ነው የመጣሁት። ጠጋኙ ሌላም ነገር ነግሮኛል። ማንም ሰብሮ አልገባም፣ በትክክለኛው ፓስወርድ ነው የተገባው አለኝ። ያውም ባንድ ሙከራ።

ደብሪቱ፦ ቀላል ነገር አድርገሽው ይሆናላ። ሰው ሁሉ የስልክ ቁጥሩን ነው የሚያደርገው።

ብዙአየሁ፦ ክርስትና ስትነሳ ቀይሬ የልጄን የክርስትና ስም ነው ያደረግሁት። ማንም በሱ አይጠራትም፣ ማንም አያውቀውም ብዬ።

ደብሪቱ፦ የክርስትና ስም ደግሞ ምን ምስጢር አለው።

ብዙአየሁ፦ እስቲ አብረን እንቁጠር። ያጠመቋት ቄስ አርፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር። አባቷ ገና ዓመት ሳይሞላት ዘንግቶታል፣ ዛሬ ብትጠይቂው አይነግርሽም። እኔ አለሁ። ሌላው፣ ቄሱ ስሟን ሲሰይሟት አቅፈሻት የቆምሽው አንቺ ነሽ።

ደብሪቱ፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተባለ ነገር ስንት ሰው ይሰማዋል።

ብዙአየሁ፦ ስምንት ዓመት የሚያስታውሰው ግን ስንት ነው? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ንቀሽኝ ነው ደብሬ?

ደብሪቱ፦ ንቄሽ አይደለም።

ብዙአየሁ፦ እንግዲያ ምንድን ነው?

ደብሪቱ፦ ያቺን የመጀመሪያዋን ሙሽራ ታስታውሻታለሽ? ከተማው ሁሉ የተቀባበለውን ፎቶ። ማን ነው የሠራት?

ብዙአየሁ፦ እኛ ነና።

ደብሪቱ፦ አንቺ አልጋ ላይ ነበርሽ። እኔ ነኝ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ የሠራኋት። እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ ብሎኝ በነጠላ ጫማ ነው አንቺ ዘንድ የመጣሁት። ፎቶውን አሳየሁሽ፣ ደስ አለሽ፣ «በብዙአየሁ የተሠራ» ብለሽ ጻፍሽበት። እዚያው ፊቴ።

ብዙአየሁ፦ ቤቱ የኔ ነዋ። ቤተሰብ ነን ብዬ ነው።

ደብሪቱ፦ እሱን ነው ሁልጊዜ የምትይው። ሦስት ጊዜ ስሜን ጻፊልኝ አልኩሽ። ሦስቴም ሳቅሽ፣ «በአበልጅ መሀል ስም ምን ይሠራል» አልሽኝ። ይህን ቤት ስከፍት ደግሞ አንዲት መስመር ጻፊልኝ ብዬ ለመንኩሽ። መልስ እንኳ ነፈግሽኝ።

ብዙአየሁ፦ ጥለሽኝ ሄደሽ ነዋ። አዝኜብሽ ነበር።

ደብሪቱ፦ እኔም አዝኜ ነው የገባሁት። መውሰዱንስ ወሰድኩት። ሙሽሮቹንም ወደዚህ የመራኋቸው እኔ ነኝ። ይኸው ሰማሽ።

ብዙአየሁ፦ ሰማሁ። ፔጁን ብቻ ብትወስጂው ሌባ ብዬሽ እሄድ ነበር። በልጄ ስም መግባትሽ ነው የገደለኝ። ከኔ ጋር በተጣላች ቁጥር ወዴት እንደምትሸሽ ታውቂያለሽ። «ለእማማ ደብሬ እነግርብሻለሁ» ነው የምትለኝ። ዛሬ ቤት ስገባ ምን ልበላት? በእግዜር ፊት የተቀበልሽውን ስም መክፈቻ አደረግሽው ልበላት?

ደብሪቱ፦ እሷን አትንገሪያት።

ብዙአየሁ፦ ከእንግዲህ ማንን አምኜ ነው ስም የማስይዘው?

ደብሪቱ፦ ስሙን ጽፌ ከገባሁ በኋላ፣ እውነቴን ነው፣ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም።

ብዙአየሁ፦ ብትበዪም ብትጾሚም ለኔ ያው ነው። ኮዱን ስጪኝና ልሂድ።

ደብሪቱ፦ ኮድ አያስፈልግሽም። ፓስወርዱን ቀይሬዋለሁ፣ አዲሱን እነግርሻለሁ።

ብዙአየሁ፦ በይ ንገሪኝ። ይኸው ከፍቼ ይዣለሁ።

ደብሪቱ፦ የኔ ስም ነው። ሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ። ስምንት ዓመት ለምኜሽ ያልጻፍሽውን ዛሬ ጻፊው።

ብዙአየሁ፦ እሺ… ደብሪቱ።

ደብሪቱ፦ ቀጥዪ።

ብዙአየሁ፦ ቆይ እስቲ።

ደብሪቱ፦ ምን ሆንሽ? ጻፊው እንጂ።

ብዙአየሁ፦ ደብሬ… አባትሽ ማን ነበር የሚባሉት?