በጨለማው ክፍል ምን ብዬ ነበር?

ክቡራትና ክቡራን፣ የራጅ ክፍላችን ኃላፊ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፤ ወደፊት ኑ፣ ከዛሬ በኋላ አላርማችሁም።

ይህን የጡረታ ሽኝት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በድብቅ ስትሯሯጡ ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ ስዞር ነበር። ድካማችሁን ላለማበላሸት ብዬ ነው እንጂ፣ በእርሳስ ብረት የተለበጠው የራጅ ክፍሉ በር ጨረር እንጂ ወሬ አያግድም።

ግን አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ከጀርባዬ የሰቀላችሁት ጨርቅ ላይ "ተማሪዎችን ከጭንቀት አውጥቶ ማጥናት ያስተማረ መምህር" ይላል። ስገባ አነበብኩት። መነጽሬን ጠርጌ ደገምኩት። ይሄ ሰውዬ ማነው? እኔ ነኝ? እስቲ የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንዲት ተማሪ ነበረችን። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የጸሐፊነት ሥራዋን ትታ ነው ራጅ ማንሳት ልትማር የመጣችው። መጻሕፍቷን ሁሉ በአንድ ትልቅ ቦርሳ ተሸክማ ስለምትዞር ጓደኞቿ "ቤተ መጻሕፍት" ይሏት ነበር። ጥያቄ ብትጠይቋት ገጹን ሳይቀር ትነግራችኋለች። ታካሚ ፊቷ ሲቆም ግን ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋባታል።

እኔ በፈተንኳት የተግባር ፈተና ቀን አንድ አዛውንት የደረት ራጅ ሊነሱ መጡ። በትክክል አቆመቻቸው። "አባባ፣ አየር በደንብ ይሳቡ፤ ያዙት!" አለችና ቁልፉን ተጫነች። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ማሰብ ጀመረች። ታስባለች፣ ታስባለች። አዛውንቱ ፊታቸው ቀልቶ፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ ቆመዋል። በመጨረሻ አልቻሉም፤ "ልጄ፣ ልተንፍስ ወይስ እዚሁ ይለይልኝ?" አሉ።

ሳቃችሁ። ያኔ እኔም ስቄያለሁ። ከዚያም ጣልኳት።

ከሰዓት በኋላ ፊልም የምናጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። "ልተወው ነው። ልጆቼን ለሰው ትቼ የመጣሁት ለዚህ ነው?" አለችኝ። የሆነ ነገር ያልኳት ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ግን አላስታውስም። በሦስተኛው ወር እንደገና ተፈተነችና አለፈች። እኔም ነገሩን ረሳሁት።

ስምንት ዓመት አለፈ። ሲቲ ስካን የሚባለው አዲስ መሣሪያ ሆስፒታላችን ገባ። አስተዳደሩ "ሠልጥኖ ፈተናውን ያላለፈ ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል" የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነበር። አሠልጣኝ ሆና የመጣችው ደግሞ ማን መሰለቻችሁ? ቤተ መጻሕፍት!

እንዴት እንዳጠናሁ ልንገራችሁ። አስፈላጊውን ብቻ በቢጫ ብዕር አሰምርበታለሁ ብዬ ጀመርኩ። ሁሉም አስፈላጊ ሆነብኝ። ባለቤቴ አየችኝና "አንተ፣ እያነበብክ ነው ወይስ ቀለም እየቀባህ?" አለችኝ። ምሳ ዘለልኩ፣ ከሰው ጋር ማውራት ተውኩ። ፈተናው ላይ የሆድ ምስል ቀረበልኝ። በምስሉ በግራ በኩል የሚታየው የታካሚው ቀኝ ነው፤ ይህን ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ! ያን ቀን ግን የራሴን ቀኝ እጅ እንኳ ለመለየት የምጽፍበትን እጅ ማየት ነበረብኝ። ወደቅኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴን "ውጤቱ ገና አልወጣም" አልኳት። ስምንት ቀን ሙሉ ዋሸኋት።

በዘጠነኛው ቀን አሠልጣኟ ባዶ ክፍል አስገብታኝ በሩን ዘጋች።

"ጋሼ፣ መጽሐፉን ይዝጉት።"

"ዘጋሁት።"

"አሁን ለእኔ ያስረዱኝ። ምንም እንደማላውቅ ይቁጠሩኝ።"

ጀመርኩ። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መጽሐፉን ልገልጥ እጄን ዘረጋሁ።

"ጎሽ! ያልገባዎት እሱ ነው። ዛሬ እሱን ብቻ ያንብቡ፤ ሌላውን አይንኩት። ምሳዎን ደግሞ ይብሉ።"

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እንዲህ አደረግን። ሲጨንቀኝ ግቢውን አንድ ዙር ታዞረኛለች። "በረጅሙ ይሳቡ፣ ቀስ ብለው ያስወጡ፤ ማስወጣቱን አሁን አልረሳም" ትለኛለች። ሁለተኛውን ፈተና ሰባ አንድ አምጥቼ አለፍኩ። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ እውነቱን ስናዘዝ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "በእንቅልፍህ 'ቀኝ ነው፣ አይ ግራ ነው' ስትል ሰንብተህ፣ ያላወቅኩ መስሎህ ነው?"

አሠልጣኟን "ይህን ዘዴ ከየት ተማርሽው?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ከእርስዎ ነዋ! ያን ቀን፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ።"

ከእኔ? እንዲህ ያለ ምክር ከአፌ መውጣቱን አላስታውስም። ብዬ ከሆነ፣ ለራሴ ሲሆን የት ገባ? ካላልኩስ፣ ይህ ሁሉ ምስጋና የማን ነው? ስድስት ዓመት ይህን ሳወጣ ሳወርድ ኖርኩ።

ያቺ ሴት ዛሬ የክፍላችን ኃላፊ ሆና ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ባለፈው ሳምንት አስጨንቄ ያዝኳት። "እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ነበር ያልኩሽ?"

"ጋሼ፣ እውነቱን ከፈለጉ እኔም ቃል በቃል አላስታውሰውም። እያለቀስኩ ነበር። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ ማለትዎን ግን አስታውሳለሁ። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ዘጉት። እኔ ፈተናው ላይ የጠፋብኝን ማውራት ጀመርኩ፤ እስክጨርስ አልተነሡም። ዘዴውን ቤት ሄጄ ከዚያ ላይ ነው ያወጣሁት" አለችኝ።

መቀመጤን አስታወስኩ! ግን አልዋሻችሁም፣ የተቀመጥኩት ወገቤን አሞኝ ነው። መጽሐፉን የዘጋሁት በዚያ ጨለማ ምን ይነበባል ብዬ ይመስለኛል። ሳልነሳ የቆየሁት ደግሞ የምላት ጠፍቶኝ ነው። እሷን መጣሌ ልክ ነበር። ስታለቅስ ሳያት ግን ልክ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም።

እና ይሄ ማስተማር ነው? ዛሬም አላውቅም። ጨርቁን አውርዱት አልልም፤ ባለቤቴ ፎቶ ተነሥታበታለች።

ተማሪዎች፣ ስትወድቁ እንደ እኔ ስምንት ቀን አትደብቁ። ባልደረቦቼ፣ ነገ ከእነዚህ ልጆች የአንዱ እጅ ቁልፉ ላይ ይደርቃል። እባካችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። የምትሉት ቢጠፋችሁም ቁጭ በሉ።

እጃችሁ ይጽና፣ ዓይናችሁ አይድከም። የምታነሷቸው ታካሚዎች በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይመለሱ። ለእናንተም ለልጆቻችሁም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። የተቆጣኋችሁ ይቅር በሉኝ። ስታለቅሱ አይቼ፣ ቸኩዬ ያለፍኳችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እናንተ አብልጣችሁ ይቅር በሉኝ።