የጋቢውና የነጠላው ቋጠሮ

አቶ ይሻው የጋቢያቸውን ጫፍ ከልጃቸው ከብርቱካን ነጠላ ጫፍ ጋር ቋጥረው ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ ቆመዋል። ቋጠሮው ለሰው እንዳይታይ በክንዳቸው ሸፈን አድርገውታል። ጉና ሥር ካለው ቀያቸው ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ እስከ መኪናው መንገድ በእግር ወርደው ነው የመጡት። ሐሳባቸው አዲስ ዘመን ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ጣራ ገዳም ወጥተው ልጅቱን ማስጠመቅ ነበር። መኪናው ግን ሰው ካልሞላ ንቅንቅ አልልም ብሏል። ረዳቱ በጮኸ ቁጥር ብርቱካን ትደነግጣለች፤ እሷ በደነገጠች ቁጥር የአባቷ ሆድ ይባባል።

ብታመልጠኝስ? ይህ ሐሳብ ከራሳቸው አልወጣ ብሏል። ባለፈው ሳምንት ከቤት ጠፍታ፣ ወንዝ ዳር ተቀምጣ እየተንቀጠቀጠች ነበር ያገኟት። ይህን ያወቁት እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ለጎረቤት "እብናት አክስቷ ዘንድ ናት" ተብሏል። የማርያም ማኅበር ተራቸው ሲደርስ እንኳ ሰው እቤት እንዳይገባባቸው "ታምሜያለሁ" ብለው ለሌላ አሳልፈዋል። ለነገሩ አልዋሹም፤ በጭንቀት እሳቸውም ታመው ነበር።

"አያ ይሻው! እንዴት አደሩ?"

አቶ ይሻው ክው አሉ። ገመና ይዞ መናኸሪያ የሚሄድ ሰው ከአገሩ ልጅ አይሰወርም። የጠራቸው የጎረቤታቸው የወይዘሮ የሺ ልጅ ዳኛቸው ነበር፤ እዚያው ከተማ መምህር ነው። ከፋሲካ በኋላ ሚስት ሊያገባ አስቧል፤ ሽማግሌዎቹን እንዲመሩለት የለመናቸውም አቶ ይሻውን ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አለህ ልጄ?"

"ደኅና ነኝ። ብርቱካን፣ ደኅና ነሽ? እብናት ናት ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

"መጣች" አሉ አባትየው ቀደም ብለው። "ትንሽ ራሷን ብሏት ልናስጠምቃት ነው።"

ዳኛቸው ዓይኑ ከቋጠሮው ላይ አረፈ። ከመናኸሪያው ግንብ ጥግ ወዳለው አግዳሚ ወሰዳቸውና አስቀመጣቸው።

"አያ ይሻው፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ።"

"ጸበሉን ተዉ ልትለኝ ከሆነ ትምህርቱ ይቅርብኝ።"

"ኧረ እኔስ አልልም፤ ትጠመቅ። የምጠይቅዎ ሌላ ነው። አምና ከሐኪም ቤት የተሰጣትን መድኃኒት ይዘዋል?"

አቶ ይሻው ፊታቸውን አዞሩ። ሐኪም ቤት መሄዷን ይህ ልጅ ከየት ሰማ?

"እናቴ ነች የነገረችኝ፤ ለእሷም ባለቤትዎ ነግረዋት ነው" አለ ዳኛቸው ገብቶት። "ለሌላ ሰው አልነገረችም፤ አይፍሩ።"

"ቤት ቀርቷል" አሉ በመጨረሻ። "ሁዳዴ ገባ። ማለዳ ማለዳ ክኒን እየዋጡ ምን ጾም አለ? ደግሞም ጸበል ከመድኃኒት ጋር አይሆንም ይላሉ።"

"ማን አለ?"

"ሰው ነዋ!"

"ከተወችው በኋላስ እንዴት ሆነች?"

ይህችን ጥያቄ አቶ ይሻው ለራሳቸው እንኳ ጠይቀዋት አያውቁም። መልሷን ስለማያውቁ አልነበረም፤ ስለሚያውቁ ነው። ልጅቱ መድኃኒቱን በያዘች ጊዜ ስፌቷን ትሰፋ፣ ከእኅቶቿ ጋር ትስቅ ነበር። ተዪ ያሏት እሳቸው ናቸው።

የመለሰችው ብርቱካን ሆነች። ከቀያቸው ከተነሡ ጀምሮ ትንፍሽ ብላ አታውቅም ነበር።

"መጀመሪያ እንቅልፌ ሄደ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ስለ እኔ የሚያወራ መሰለኝ። ወንዝ ዳር የሄድሁት ልጠፋ አልነበረም፤ ድምፅ ቢቀንስልኝ ብዬ ነው።"

"ለምን አልነገርሽኝም ልጄ?"

"ማን ጠየቀኝ አባባ? በሩን ነው የዘጋችሁብኝ።"

 ዳኛቸው ወዲያና ወዲህ ተመለከተና ከኮት ኪሱ የክኒን ማሸጊያ አወጣ። 

"ይኸ የእኔ ነው።"

"የምን?"

"የእሷ ዓይነት ሕመም። ባሕር ዳር ስማር አንድ ዓመት የቀረሁት ፈተና ወድቄ አልነበረም፤ ታምሜ ነው። ዛሬም እወስዳለሁ፤ አስተምራለሁም።"

"አንተ? ሽማግሌ ሆኜ እሄድልሃለሁ ያልሁህ?"

"አዎን፣ እኔ። የማገባት ልጅ ታውቃለች፤ ወላጆቿም ከሽምግልናው በፊት እንዲሰሙ ተስማምተናል። እርስዎ ግን ይህን ሰምተው አልሄድልህም ቢሉኝ አልቀየምዎትም።"

ዳኛቸው ስሙን፣ ትዳሩን፣ የእናቱን ከሰው መቀላቀል ሁሉ በአንድ ሽማግሌ መዳፍ ላይ አስቀምጧል። ያውም ማንም ሳያስገድደው። አቶ ይሻውም ይህን አላጡትም።

"ታዲያ መድኃኒቱ ብቻ ነው ያዳነህ?" አሉ፤ ድምፃቸው ለዝቧል።

"ብቻውንማ አይደለም። እንቅልፍ ሲሸሸኝ ለእናቴ እነግራታለሁ፤ እሷ ፊቴን አይታ ታውቀዋለች። አረቄ አልቀምስም። ማታ በሰዓቱ እተኛለሁ። ፍርሃቱ ድንገት ሲመጣብኝ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን ቃል በቃል፣ ቀስ ብዬ እደግማለሁ፤ ትንፋሼ ከቃሉ ጋር ይረጋጋል። ከሁሉ በላይ የሚሰማኝ ሰው አለኝ። የደበቅሁት ጊዜ ነበር የባሰብኝ።"

"ጾሙስ?"

"እሱን እኔ ልፈርድ አልችልም። ንስሐ አባትዎን ጠይቀዋል?"

አቶ ይሻው ለእግዜር ብለው ያደረጉትን ነገር የእግዜርን ሰው አልጠየቁም። እንዴት ይጠይቁ? ንስሐ አባታቸውን ቄስ ገብረየሱስን ስለ ጾሙ ለመጠየቅ ሕመሙን መናገር ሊኖርባቸው ነው። እንዲህ ሲሸሽጉ በራሳቸው ሕግ አወጡ። ሕጉ ደግሞ የወደቀው ባወጣው ሰው ላይ ሳይሆን በልጅቱ ላይ ነው።

ዳኛቸው ለቄሱ ደውሎ ስልኩን አቀበላቸው። አቶ ይሻው እንደ ተከሳሽ ተነሥተው ቆሙ።

"ይፍቱኝ አባ።"

"እግዚአብሔር ይፍታ። ይሻው ነህ? ምነው በደኅናህ?"

ነገሩን በተቆራረጠ ቃል ተናገሩ።  ቄሱ ድምፃቸው ትልቅ ስለነበር አግዳሚው ድረስ ይሰማል።

"ሕመምተኛን መድኃኒትሽን ጣዪ ያልሁ እኔ ነኝ?"

"አይደሉም አባ።"

"ታዲያ ማን ሾመህ? መድኃኒት ድግስ አይደለም። ትውሰድ፤ ትጠመቅም። ሁለቱንም የሰጠ አንድ አምላክ ነው። ሐኪሙ ዘንድ አሁኑኑ ውሰዳት፤ እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። ለእኔ ሳትነግረኝ መክረምህን ግን አዝኜብሃለሁ ይሻው።"

አቶ ይሻው ስልኩን መልሰው ተቀመጡ። በሰው ፊት እንባቸው መጣ፤ አልጠረጉትም። ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን ያዙና ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ።

"ብፈታው ትሄጂብኛለሽ?"

"ወዴት እሄዳለሁ አባባ? እኔ የምፈራው ብቻዬን መቅረት ነው።"

ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር አልፈታም ብሎ አስቸገራቸው። ብርቱካን በጥፍሯ አላላችላቸው። ረዳቱ "ሞላ! ግቡ!" እያለ ሲጣራ ሦስቱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ወደ ሐኪም ቤት አቀኑ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን እንደገና አስጀመራትና በራስ ሐሳብ ማቋረጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለአባትየው አስረዳቸው። ሰዓቱንም ለጾሟ እንዲስማማ አድርጎ አመቻቸላት። ወዲያው ዳነች ብል እዋሻለሁ። አቶ ይሻው ብዙ ቀን ኮቴ በሰሙ ቁጥር እየባነኑ ሰነበቱ። ነገር ግን በሩ ክፍት ሆኖ መዋል ጀመረ። ቄሱ እየመጡ ጸበል ይረጯታል፤ ታናሽ እኅቷ ጽጌ ከጎኗ ትተኛለች፤ ጠዋት ሲነሡ አባቷ ከሁሉ አስቀድመው "እንቅልፍ እንዴት ነበር?" ይላሉ። ከፋሲካ ወዲህ ብርቱካን ስፌቷን አነሣች፤ ጣራ ገዳምም ሄዳ መድኃኒቷን ይዛ ተጠመቀች። የዳኛቸውንም ሽምግልና አቶ ይሻው እንደ ቃላቸው መርተው፣ ነገሩም በግልጽ ተነግሮ እሺ ተብለው ተመለሱ። የተደበቀ ሕመም ሁለት ጊዜ ያማል፤ አንድ ጊዜ ታማሚውን፣ አንድ ጊዜ ደባቂውን። ይህን የምለው እሳቸው እንቅልፍ ያገኙት ከልጃቸው ጋር በአንድ ሰሞን ስለሆነ ነው።

የማርያም ማኅበር ተራ ተመልሶ ሲደርሳቸው ቤታቸው ሞላ። ከጸሎቱ በኋላ አቶ ይሻው ተነሡ።

"እብናት ናት ያልኋችሁ ውሸቴን ነው። ልጄ ታማ ነበር፤ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ተሽሏታል። እንድትጠይቋት እፈልጋለሁ።"

  አንዲት ባልቴት ተነሥተው ብርቱካንን ሲስሟት ሌላውም ተከተለ።

ሁሉም ሲወጣ ጎረቤታቸው ጌጡ በሩ ላይ ቀረ። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

"አያ ይሻው፣ ወንድሜ ዘውዱ መተማ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ ብዬ ነበር አይደል?"

"ብለኸኛል።"

"አልሄደም። ጓዳ ነው ያለ። እጁን አስሬዋለሁ።"

አቶ ይሻው ጋቢያቸውን ከግድግዳው አወረዱ። "በል እንሂድ። ነገ ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንወርዳለን።"

ብርቱካን ነጠላዋን ደርባ ከኋላቸው ወጣች።

"ጋሼ ጌጡ፣ እኔም ልምጣ" አለች። "ደግሞ ስንገባ እጁን ፍቱለትና፣ መጀመሪያ እሱን ራሱን ጠይቁት።"