የአቶ አካሉ መዋኛና አጥሩ

በየካቲት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ዓባይ ማዶ ድልድዩ አጠገብ ጎረቤቴን አቶ አካሉን አገኘኋቸው። አርባ ዓመት ጣና ላይ ጀልባ የነዱ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። የአራት ዓመቷ የልጃቸው ልጅ ርሆቦት ለፋሲካ ከሐዋሳ ልትመጣ ስለሆነ፣ ያሠሩላትን የመዋኛ ገንዳ ካላየህ ብለው ወሰዱኝ።

ግቢያቸው ውስጥ የሰፈራችን ነርስ የሺመቤት ደም ግፊታቸውን ልትለካ መጥታ ትጠብቃቸው ነበር።

«ጋሼ፣ ገንዳው አምሯል። አጥሩስ?» አለቻቸው።

«የግቢው ግንብ ምን ሆነና?»

«ግንቡ የውጭ ሰው ይከለክላል። ርሆቦት ግን የምትመጣው ከሳሎኑ በር ነው።»

የአቶ አካሉ ፊት ጠቆረ። «ልጄ፣ ስለ ውሃ አትነግሪኝም። ልጅቱን ካየኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስትመጣ ብረት አጥሬ ልቀበላት? ዓይኔን ከእሷ ላይ አልነቅልም።»

«እኔም እንደርስዎ ብዬ ነበር» አለችና ቀስ ብላ አጫወተችን።

ቤተሰቧ ጣና ዳር ደልጊ ይኖር ሳለ አባቷ ለአትክልት ማጠጫ ኩሬ አስቆፍረው ነበር። አንድ ቀን የሦስት ዓመት ወንድሟን ገብረ ሕይወትን አደራ ብለዋት ገበያ ወጡ። ልብስ ልታሰጣ ዞር አለች።

«ጩኸት ብሰማ ሮጬ እደርስ ነበር። ውሃ ግን ልጅን በዝምታ ነው የሚወስደው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ አሁን ይጠራኛል እያልሁ ጆሮዬን እጥላለሁ።»

አቶ አካሉ ከሳሎኑ በር እስከ ገንዳው ያለውን በዓይናቸው ለኩና «የአጥሩ ቁመት ምን ያህል ይሁን?» ብለው ጠየቁ።

«ከአንድ ሜትር ከሃያ አይነስ። ብረቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ይሁን፤ አግድም ከሆነ ትወጣበታለች። ጭንቅላቷ እንዳያልፍ ክፍተቱ ይጥበብ። በሩ ራሱን የሚዘጋ፣ መቀርቀሪያው እጇ የማይደርስበት ይሁን። አጥሩ ሥር ወንበር አይቀመጥ።»

«ዓይኔስ?»

«ዓይንዎማ ግድ ነው። አጥሩ ዓይንዎ ዞር ባለ ጊዜ ይጠብቅልዎታል።»

የተማርሁ ነኝ የምል እኔ፣ ገንዳውን ሳይ አጥር ትዝ ስላላለኝ አፈርሁ። በግቢው ገንዳም ሆነ ኩሬ ያለው ሰው እንዲህ ቢያጥር፣ የልጁን ሕይወት ለአንድ አፍታ መዘናጋት አሳልፎ አይሰጥም። ብረት ሠሪው ሥራውን በሳምንት ጨረሰ።

ርሆቦት በመጣች በማግሥቱ ጠዋት፣ አቶ አካሉ ጓሮ ፊታቸውን ሲታጠቡ፣ ከሳሎን ሮጣ ወጥታ የአጥሩን በር ነቀነቀች። እንቢ አላት።

«አባባ፣ ክፈትልኝ» ብላ ተጣራች።

አቶ አካሉ ፊታቸውን ሳያብሱ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው አልሰደዱም።

«እስቲ አንድ ጊዜ ደግመሽ ጥሪኝ» አሏት።