ባዶው ረድፍ አይሰረዝም

ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣ መጋዘኑን ጠርጋችሁ፣ የጫማ ካርቶን ላይ ተቀምጣችሁ በጡረታ ልትሸኙኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ንግግሬ አጭር ነው፤ ጠብ ግን አለበት።

ሃያ ስድስት ዓመት ለሱቆቻችን ጫማ ሳከፋፍል ኖሬያለሁ። በሠንጠረዣችን እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሱቅ ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ የጫማ ቁጥር። የአንዱን ቁጥር ሽያጭ ለረድፉ ድምር ስናካፍል፣ ለዚያ ሱቅ ከምንልከው ምን ያህሉ ሠላሳ ስምንት ቁጥር መሆን እንዳለበት እናውቃለን።

ከዚያ ይህን ማካፈል በኮምፒውተር የሚሠራልን የአልጀብራ ፕሮግራም መጣ። ክፍልፋዩን ሳይሸራርፍ ይይዛል ተባለ። እውነት ነው፣ ይይዛል። ግን ጠዋት የጀመረውን እስከ ምሳ አይጨርስም! «ትልቅ ኮምፒውተር ይገዛ» ተባለ። እኔ ቁጭ ብዬ አሠራሩን አየሁት። ያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ይኸው፦ «ለእያንዳንዱ የጫማ ቁጥር የረድፉን ድምር እንደ አዲስ ይደምራል። እንዲህ የሚደምር ሻጭ ደንበኛው ጥሎት ይሄዳል።»

«ወንድሜ፣ አንዴ ደምረህ ድምሩን ብትይዘውስ?» አልኩት የፕሮግራም ባለሙያውን።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሒሳብ ነው።»

«እኔስ ድንች ነው ያልኩህ?»

ሳቀና አስተካከለው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ። ኮምፒውተሩም ሳይገዛ ቀረ።

አንድ ረድፍ ላይ ግን ፕሮግራሙ ቆመ፤ ጎርፍ ያዘጋው የወንዝ ዳሩ ሱቅ። ሽያጩ ዜሮ፣ ድምሩ ዜሮ፤ በዜሮ ደግሞ አይካፈልም። ሥራ አስኪያጃችን «ይሰረዝና እንገላገል» አሉ። ባለሙያው አንድ መስመር ጨመረ፦ ድምሩ ዜሮ ከሆነ ረድፉን እንዳለ ተወውና እለፍ። አለቀ። ታዲያ ሥራ አስኪያጃችን አሁንም ለምን ይሰረዝ ይላሉ?

«ሠንጠረዡ ላይ ያስጠላል» አሉኝ።

ያስጠላ! ከሠንጠረዡ የወጣ ሱቅ ጫማ አይላክለትም። በሚመጣው ወር ሲከፈት የድሮ ቁጥሮቹን የት እንመልስለት? እዚያ ያሉት ሦስት እህቶቻችንስ ምን ሊሸጡ ነው፣ መደርደሪያውን?

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ያዘጋጃችሁልኝ የግድግዳ ሰዓት ያምራል። ግን አልነካውም። ነገ እኔ የለሁም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይንገሩኝ፤ ረድፉ ይቀመጣል ወይስ ይሰረዛል?

የለም፣ አንገት መነቅነቅ አልቆጥርም። በድምፅ ይበሉት።

«ይቀመጣል» አሉ! ከኋላ ያላችሁ ሰማችሁ? እንግዲያው ሰዓቱን አምጡት።

እጃችሁ አይዛል፣ ቤታችሁ ይሙላ። የልጆቻችሁ እግር ቶሎ ቶሎ ይደግ፤ ለሱቆቻችንም ይበጃል። የወንዝ ዳሩ ሱቅ ሲከፈት መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ። ቁጥሬ ሠላሳ ስምንት ነው፤ እንዳላጣው።