የጫሞው ፈተና

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት በእንግሊዝኛ ያነበንባል። አጠገቡ ያሉ ሽማግሌ ሰሙት።

«ምን ያስጨንቅሃል፣ ልጄ?»

«የአስጎብኚነት ፈተና አለብኝ፣ አባባ። በእንግሊዝኛ ‹ያየነው አዞ› ሲባል ‹ዛት› የምትለውን ቃል መተው ይቻላል። ‹ሰውየውን የበላው አዞ› ሲባል ግን አይቻልም።»

«ለምን?»

«እንጃ! ሸምድዱት ነው የተባልነው።»

«እኔ ስንት ዓመት ፈረንጅ በጀልባ ሳመላልስ፣ አንድም ቀን ‹ዛት› ብዬ አላውቅም።»

«ታዲያ እንዴት ይግባባሉ?»

«አዞው አጠገብ ስደርስ ሞተሩን አጠፋለሁ። ያኔ ሁሉም ይገባቸዋል።»

«ምንም አይጠይቁዎትም?»

«ሞተሩን በጣታቸው እያሳዩ ይጮኻሉ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ፈገግ እላለሁ።»

ወጣቱ ሳቀና መልሶ ደብተሩን ገለጠ።

«የእኔ ፈታኞች ግን በፈገግታ አያሳልፉኝም። ዛሬ ከሰዓት እዚያው ጫሞ ሐይቅ፣ ጀልባ ላይ ነው የሚፈትኑን።»

«አውቃለሁ። የምነዳው እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«አዎ። ‹ዛት› ግራ ካጋባችህ በዓይንህ ጥቀሰኝ፤ ሞተሩን አጠፋልሃለሁ።»

ፈታኞቹ ዋና ይችሉ እንደሆነ ሳስብ መውረጃዬ አለፈኝ።