ጎረቤት መሆናቸው የተረጋገጠ ጋላክሲዎች

ሄሎ — አቤት ጋሽ ሃይለሚካኤል፣ ወንጌላዊት ነኝ... የላክሁልዎ ቴክስት ደረሰዎት?... በአፌ ልንገርዎ ብዬ ነው ያሳጠርኩት። — ፀዲ፣ ቲቪውን ቀንሺው እስኪ፣ ሰው እያናገርኩ ነው።

... አዎ፣ ውጤቱ መጣ። በርክሌ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ተመራማሪዎች ኢሜይል አደረጉልኝ... እነዚያ እርስዎ በሰጡኝ ላፕቶፕ ከሰማይ ፎቶ ላይ የለቀምኳቸው ቀያይ ነጥቦች እኮ ናቸው... እርስዎማ ዓመቱን ሙሉ «ጎረቤት መሆናቸውን በምን አወቅሽ?» እያሉ አደረቁኝ። «ከሳን ሆዜ ሆኖ ላየው የተራራው መብራትና የጎረቤት አምፖል ጎን ለጎን ይመስላል» ሲሉኝ... አዎ፣ ተቀይሜ ነበር። ኮሌጅ ያልገባች ምን ታውቃለች ያሉኝ መስሎኝ።

... ቆይ፣ አይቸኩሉ። በትልቅ ቴሌስኮፕ ርቀታቸውን ለኩት። የላክኋቸው ሰባቱም እውነትም አብረው ነው ያሉት፣ አንድ ዘለላ ናቸው... ስምንተኛውን? እሱን በእርስዎ ጭቅጭቅ ደግሜ ሳየው ነው ያወጣሁት። ለካ ከፊታቸው የተገተረ የቅርብ ጋላክሲ ነው። እሱን ይዤ ብልክ ኖሮ ዞር ብለውም አያዩኝም ነበር... ብርሃናቸው? ምድር ሳትኖር ነው የተነሳው... ኧረ ጋሽዬ፣ በዚህ ከቄሶቹ ጋር አያጣሉኝ።

... ሌላም አለ። ጽሑፋቸው ላይ የሚመሰገኑ ሰዎች ስም ይገባል። የእርስዎንም ሰጠሁ... ምን ሠራሁ ይላሉ እንዴ? ተጠራጠሩኝ እንጂ፤ ሌላው ሁሉ ጎበዝ ብሎኝ ሲያልፍ... ግን «ሃይለ ማነው? ሚካኤልስ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለት ሰው አድርገው ሊያመሰግኑዎት... እኔማ እንደ መንጃ ፈቃድዎ ነው የጻፍኩት፤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ነው ለሁለት የሰነጠቀዎት... አይ፣ ስምዎ አይቀርም። እርስዎ ከወጡ እኔም እወጣለሁ... ገጥሜ ልጻፈው?... በቃ፣ አንድ ቃል አደርገዋለሁ።

... ጋሽዬ፣ እና ደግሞ... እኔ እንኳን አፌ ላይ አይመጣልኝም እንጂ አመሰ— ሄሎ? ሄሎ፣ ይሰሙኛል?... ተቆራረጠ። የት ደረሱ?... ሬድውድ ሲቲ። ተሳፋሪ ይዘዋል?... ምንም፣ ምንም አላልኩም። — ፀዲ፣ ምን ያስቅሻል?

... እሺ፣ እነግርዎታለሁ፤ መጀመሪያ ከሀይዌዩ ይውጡና ዳር ይያዙ... እጠብቃለሁ... ቆሙ?

... አመሰግናለሁ ነው ያልኩት... አዎ፣ እኔው ነኝ። አሁን ይንዱ፣ ደህና ይግቡ።